ፊቱን አይተን ውስጡን ሳንጠይቅ

ባለፈው ክረምት ይህ ዓምድ ለአንድ ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። “ሲስተር ታመሙ እንዴ?” ብላችሁ ለጠየቃችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አልታመምኩም፤ ልጄን ለማየት ፊንላንድ ሄጄ ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ እዚያ ስላየሁት አንድ የታወቀ ሆቴል ነው። “የፈረንጅ ሆቴል እኛን ምን ያገባናል?” የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ። የብዙዎቻችንን ቤት የሚያንኳኳ ጉዳይ አለበት።

ከሆቴሉ ጋር የተዋወቅሁት በፎቶግራፍ ነው። ልጄ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሄልሲንኪ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ትምህርቷን ጨርሳ ትንሽ እንደቆየች “ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘሁ” አለችን። በሳምንቱ ደግሞ አንድ ፎቶ ላከች። ጥቁር ካፖርት ለብሳ፣ ግርማ ሞገስ ያለው ሕንፃ በር ላይ ቆማ ፈገግ ብላለች። አባቷ ፎቶውን አሳጥቦ፣ ፍሬም አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር “ይኼ ልጄ የምትሠራበት ሆቴል ነው” ይላል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሰፈራችን ወሬ ልጄ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሆነች። ማን እንደሾማት አላውቅም፤ እኛም አላስተባበልንም።

የሆቴሉን ስም በስልክ ስትነግረኝ ደንግጬ ነበር። “ኬምፕ” ነው የሚባለው፤ እኔ የሰማሁት ግን “ካምፕ” ብዬ ነው። “ምነው ልጄ! ካምፕ ውስጥ ነው እንዴ ያለሽው?” ብዬ ስጮህ በሳቅ ሞተች። ለካ ኬምፕ የሰው ስም ነው። ሆቴሉን ያቋቋመው ካርል ኬምፕ የሚባል የምግብ ቤት ባለቤት ነው።

ሄልሲንኪ የገባሁት በሐምሌ ነው። እዚያ ያኔ ሙቀት ነው፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኖ ፀሐይዋ አልጠለቀችም። መጋረጃ ዘግተን ነበር የምንተኛው። በሦስተኛው ቀን “በይ ሆቴልሽን አሳዪኝ” አልኳት። “ነገ” አለች። ነገ ሲደርስ “ዛሬ ዕረፍቴ ነው እማዬ፤ በዕረፍት ቀን ደግሞ ሥራ ቦታ ይኬዳል?” አለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ሁለተኛው ሳምንት ገባ። ቅዳሜ ዕለት ግን ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። ምርጫ አልነበራትም።

ሆቴሉ ያለው ኤስፕላናዲ በሚባለው መናፈሻ ዳር ነው። መናፈሻው በሁለት መንገዶች መካከል የተዘረጋ ነው። መሐሉ ላይ ሩኔበርግ የሚባል ባለቅኔያቸው ሐውልት አለ። ሰው ሣሩ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። ወደ ታች ሲወርዱ ወደቡ ዳር ገበያ አለ፤ እንጆሪና እሸት አተር በሊትር እየተሰፈረ ይሸጣል። አተሩን ጥሬውን እየፈለፈሉ ሲበሉ ሳይ አገሬ ትዝ አለኝ። ከዚያ ተመልሰን ሆቴሉ በር ላይ ደረስን። ፎቶው ላይ ያለው በር ነው፤ አንድም የተለየ ነገር የለውም። ልቤ በኩራት ሞላ።

ገብተን ተቀመጥን። የተንጠለጠለው መብራት፣ የተወለወለው ወለል፣ የአስተናጋጆቹ ትሕትና ሁሉ እንደተባለው ነው። ዋጋውን በብር መመንዘር ጀምሬ “እማዬ፣ አትመንዝሪ፤ ቡናው አይወርድልሽም” አለችኝ። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ከበሩ ጀምሮ ልጄን ሰላም ያላት ሰው የለም፤ እሷም ማንንም ሰላም አላለችም። አርባ ዓመት ሆስፒታል ስሠራ በዕረፍቴ ቀን እንኳ ከበር ጠባቂው ጀምሮ ሳልስምና ሳልሳም ገብቼ አላውቅም። “የፈረንጅ ሥራ ቦታ እንዲህ ነው እንግዲህ” ብዬ ዝም አልኩ።

ወሬ ለማስረሳት ይሁን አላውቅም፣ የሆቴሉን ታሪክ ትነግረኝ ጀመር። ከተመለስኩም በኋላ አንዳንዱን ራሴ አንብቤዋለሁ። ሆቴል ኬምፕ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ አዲስ አበባችን በተቆረቆረች በዓመቱ ማለት ነው። ንድፉን ያወጣው ቴዎዶር ሆይየር የሚባል አርክቴክት ነው። ያን ጊዜ ፊንላንድ ራሷን የቻለች አገር አልነበረችም፤ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። ነፃነቷን ያወጀችው በ1917 ነው።

የአገሩ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ዣን ሲቤሊየስ የዚህ ሆቴል ደንበኛ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣና ሲከራከር ያመሽ ነበር። ከጓደኞቹ አንዱ ሠዓሊው አክሴሊ ጋለን-ካሌላ ነው። እሱም በ1894 የእነዚያን ምሽቶች ሁኔታ ሣለ። ጠርሙስ በተደረደረበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል፤ ሲቤሊየስ ዓይኑ ቀልቶ ያፈጣል። ሥዕሉ ያኔ ብዙ አነጋግሯል። እኔም በሙያዬ “መጠጥ ዕድሜ ያሳጥራል” እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝና “ይኼ ሰውዬ ስንት ዓመት ኖረ?” አልኳት። “ዘጠና አንድ” ስትለኝ አፈርኩ። ነገር ግን በ1908 ጉሮሮው ላይ ዕጢ ወጥቶበት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት ያህል መጠጥና ሲጋራ ትቷል። ይህችን ለትምህርቴ መደገፊያ ያዝኩ።

ሆቴሉ ክፉ ቀንም አይቷል። ኅዳር 1939፣ በእነሱ አቆጣጠር ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ወረረች፤ ሄልሲንኪም በአውሮፕላን ተደበደበች። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ጋዜጠኞች የተሰበሰቡትና ወሬውን የሚልኩት ከዚሁ ከኬምፕ ነበር። አሜሪካዊቷ ማርታ ጌልሆርንም አንዷ ነበረች። ጦርነቱ 105 ቀን ፈጀ። ቦምቡን ያለፈው ሆቴል ግን በሰላሙ ጊዜ ፈረሰ።

“ፈረሰ? ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?” አልኳት።

እውነቱ ይህ ነው። በ1960ዎቹ ሕንፃው አርጅቷል፣ ተዳክሟል ተባለ። በ1965 አፈረሱት። ቦታው ለባንክ መሥሪያ ቤት ተፈለገ። አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ ግን የመንገዱ ፊት የድሮውን እንዲመስል ተደረገ። የውጭው ግድግዳ በአሮጌው መልክ እንደገና ተሠራ፤ ከኋላው ያለው ሁሉ አዲስ ነው። ለብዙ ዓመታት ውስጡ የባንክ ቢሮ ነበር። በ1990ዎቹ ባንኩ ከሌላ ባንክ ጋር ተዋሃደ፣ ሕንፃውም ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። ሆቴል ኬምፕ ዳግመኛ የተከፈተው በ1999 ነው። ዛሬ ጎብኚው “የ1887 ሆቴል” እያለ ፎቶ የሚነሳበት ፊት ከ1960ዎቹ ወዲህ የቆመ ነው።

እዚያ አገር ለዚህ ነገር ስም አላቸው። “የቱርኩ በሽታ” ይሉታል። ቱርኩ የቀድሞ ዋና ከተማቸው ናት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ አሮጌ ቤቶቿ እየፈረሱ በምትካቸው ሣጥን የመሰሉ ሕንፃዎች ሲቆሙባት ሕዝቡ ነገሩን በበሽታ ስም ጠራው። ከቱርኩም ውጭ ተዛምቷል። እዚያው ሄልሲንኪ ወደቡ ላይ፣ ይኸው ሆይየር የሠራው ሌላ ያማረ ቤት በ1960 ፈርሶ በቦታው አልቫር አልቶ የሠራው ነጭ የኩባንያ ሕንፃ ቆሟል። ነርስ ሆኜ ስንት የበሽታ ስም ሸምድጃለሁ፤ ይህን ግን አላስተማሩንም።

የእኛ ጣይቱ ሆቴል ትዝ አለኝ። በ1898 ዓ.ም. የተሠራ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት የበላው። ተጠግኖ እንደገና ሥራ ጀመረ። በእኛ ሙያ ቁስል የዳነ ሥጋ ጠባሳ ይኖረዋል፤ ግን የራሱ ሥጋ ነው። ኬምፕ ደግሞ ሰው ሠራሽ እግር ነው። በደንብ የተሠራ፣ የሚያስኬድ፣ የሚያምር ነው፤ እግሩ ግን ተቆርጧል። በሰው ሠራሽ እግር አልስቅም፤ ብዙ ሰው አስኪዷል። ፎቶውና ንድፉ ባይኖር ይህም አይገኝም ነበር። ብቻ ደረጃውን እያየሁ “ሲቤሊየስ በዚህ ወጥቶ ይሆናል” ብዬ ሳስብ ቆይቼ ስለነበር ትንሽ የተታለልኩ መሰለኝ።

“ስለዚህ ፊቱ ብቻ ነው በይኛ!” አልኳት።

ልጄ መልስ አልሰጠችም። ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ አቀርቅራለች። ያኔ ነው እጇን ያየሁት። በእርግጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብረን በልተናል፤ ግን ቤት ውስጥ ወይ እጅጌዋን ስባ ነው፣ ወይ ቅባት ተቀብታ ነው፣ ወይ እኔው በደስታ ታውሬ ነው። በዚያ ሁሉ መብራት ሥር ግን ማንም ነርስ የሚያውቀው ነገር ነበር። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ቀልቶ ተሰነጣጥቋል፤ በጣቶቿ መካከል ቆዳው ተላልጧል፤ ቀለበት የምታደርግበት ቦታ ቆስሏል።

“እጅሽ ምን ሆነ?”

“ብርድ ነው እማዬ።”

“በሐምሌ?”

ዝም አለች። ከዚያ ቀና ሳትል “እዚህ አይደለም የምሠራው” አለችኝ።

የምትሠራው በሌላ ሆቴል ነው። ስሙን አልጠቅስም። የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ አልጋ ታነጥፋለች፣ መታጠቢያ ቤት ታጥባለች። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጣት ጊዜ በደቂቃ የተቆጠረ ነው። እንግዳው ክፍሉን አመሰቃቅሎት ከወጣ ደቂቃው አይጨመርላትም፤ ከቡና ዕረፍቷ ላይ ትቀንሳለች። አብረዋት የሚሠሩት አብዛኞቹ እንደ እሷ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ዲግሪ ያላቸው ብዙ ናቸው። በተማረችው ሙያ ለመቀጠር የፊንላንድ ቋንቋ በደንብ ያስፈልጋል። ማታ ማታ እየተማረች ነው። ቀን ግን ቤት ኪራይ አለ፣ ለእኛ የምትልከውም አለ።

“ታዲያ ፎቶው?” አልኳት።

“ሥራ ባገኘሁ ሳምንት ደስ ብሎኝ ከተማ ስዞር የተነሳሁት ነው። እዚህ ነው የምሠራው ብዬ አላውቅም እማዬ። አባባ ፍሬም ካስገባው በኋላ ግን እንዴት ብዬ ልናገር?”

ወደኋላ ሳስበው እውነቷን ነው። እሷ “ሆቴል ውስጥ” አለች፤ “ይኼኛው ነው” ያልነው እኛ ነን። “ሥራ አስኪያጅ” ያልነው እኛ ነን። በስልክ ስንገናኝ “ሥራ እንዴት ነው?” ስላት “ጥሩ ነው” ትለኛለች፤ “እሰይ” ብዬ ወደ ሌላ ወሬ እሄዳለሁ። በሽተኛ “ደህና ነኝ” ሲለኝ አምኜ የሙቀት መለኪያውን ሳላስገባ አልፌ አላውቅም። ለገዛ ልጄ ግን ይህን አላደረግሁም። ፊቱን አይቼ አለፍኩ።

ያለቀሰችው ልቅሶ በሥራው አፍራ እንዳይመስላችሁ። ሥራዋን ታውቃለች፣ ትወደዋለችም። ያለቀሰችው ለአራት ዓመት ያልሆነችውን ሆና በመኖሯ ነው። “ሆዴ ውስጥ ድንጋይ የተቀመጠ ያህል ነበር” አለችኝ። ቤት እንደተመለስን “ነይ እስቲ አልጋ አንጥፊ ልይሽ” አልኳት። የነርስ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው አልጋ ማንጠፍ ነው። የአንሶላው ማዕዘን እንዴት እንደሚታጠፍ፣ መጨማደድ ለተኛ በሽተኛ ቁስል እንደሚያመጣ አስተማሪያችን ቆመው ይፈትኑን ነበር። እኔ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላው በኩል ሆነን አነጠፍን። የእሷ ማዕዘን ከእኔ በለጠ። ሳቅን። “እኔ በዚህ ሥራ ነው አንቺን ያሳደግሁሽ፤ ሰው የተኛበትን አልጋ ንጹሕ ማድረግ የሚያሳፍረው ማንን ነው?” አልኳት።

ከዚያ ወደ እጇ ሄድን። ይህ ክፍል በአረብ አገር በሰው ቤት ለሚሠሩ ልጆቻችንም፣ እዚሁ በሆቴልና በካፌ ጽዳት ለሚያድሩትም ነውና ልብ በሉልኝ። እጅ ቀኑን ሙሉ በውኃ፣ በሳሙናና በማጽጃ ኬሚካል ሲቆይ የቆዳው የተፈጥሮ ቅባት ያልቃል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀው በኩል ጀርም ይገባል። የላስቲክ ጓንት ይከላከላል፤ ግን እጅ ውስጡ ሲያልበው ራሱ ጠንቅ ይሆናል። ስለዚህ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ይደረግ፤ የጥጡ ጓንት ሲርስ ይቀየር። ቀለበት በሥራ ሰዓት ይውለቅ፤ ሳሙና ሥሩ ይቀራል። እጅ ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ በጣቶች መካከል ያለው ሳይቀር ይድረቅ። ከታጠቡ በኋላና ማታ ሲተኙ ሽታ የሌለው ወፈር ያለ ቅባት፣ ቫዝሊንም ቢሆን፣ ይቀቡ። ደም ወይም መግል ከታየ ሐኪም ጋ ይኬድ፤ ጎረቤት የሰጠችውን የቆዳ መድኃኒት አትቀቡ። በረኪናን ደግሞ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል።

ፊንላንድ ውስጥ አሠሪ ለሠራተኛው የሥራ ጤና አገልግሎት ማቅረብ በሕግ አለበት። ልጄም መብቷን ታውቃለች። ያልሄደችው “እጇ የታመመች ሠራተኛ” ተብላ ፈረቃዋ እንዳይቀንስባት ፈርታ ነው። በሦስተኛው ቀን አብረን ሄድን። ነርሷ እጇን አገላብጣ አይታ፣ የምትጠቀምባቸውን ማጽጃዎች አንድ በአንድ ጠየቀቻት፣ ጻፈችም። በእኛ ሙያ “ያልተጻፈ አልተሠራም” ይባላል። መድኃኒት ታዘዘላት፣ ለጊዜው ከመታጠቢያ ቤት ሥራ እንድትርቅ ወረቀት ተሰጣት። ፈረቃዋ አልተቀነሰም።

አገሬ ስመለስ ለአባቷ ነገርኩት። ሁለት ቀን ከእኔም ከእሷም ጋር አልተነጋገረም። የተቆጣው በሥራው ሳይሆን “ስንት ሰው ፊት አዋረዳችሁኝ” በሚለው ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ጎረቤት ምን ይላል የሚለው አልጠፋም ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ስልኩን አንስቶ ደወለላት። ከሰላምታ ቀጥሎ ያላት “እጅሽ እንዴት ነው?” ነው። ሌላውን አልሰማሁም፤ ሆን ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

ፎቶው አሁንም ሳሎናችን ውስጥ ነው። “ሆቴሉ ምን አጠፋ? ልጄም አምሮባታል” ብሎ አላወርድም አለ። እንግዳ ሲጠይቀው ግን “የምትሠራው እዚህ አይደለም፤ ሌላ ሆቴል ነው፣ ክፍል ታጸዳለች፣ ማታ ትማራለች” ይላል። የመጀመሪያውን ጊዜ ሲናገር ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። አሁን ለምዶታል።

ልጆቻችሁ ውጭ አገር ያሉ ወላጆች፣ በሚቀጥለው ስልካችሁ “ሥራ እንዴት ነው?” ብላችሁ አትለፉ። “በስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? ምሳ የት ትበያለሽ? ምንሽን ያምሻል? አብሮሽ የሚሠራው ማን ነው?” በሉ። መልሱ ያልጠበቃችሁት ሲሆን ደግሞ አትደንግጡ፣ አትቁጡ። የተቆጣ ወላጅ ሁለተኛ እውነት አይነገረውም። ልጆችም፣ ለወላጅ አሳብ ላለማብዛት ብላችሁ የምትልኩትን ፎቶ እናውቃለን፤ እኛም በዘመናችን ከክፍለ ሀገር ለእናታችን “ደህና ነኝ” እያልን ጽፈናል። ግን እጃችሁን አሳዩን።

ይህን ለመጻፍ ልጄን አስፈቅጃለሁ። “ጻፊው፣ የምሠራበትን ሆቴል ስም ግን እንዳትጠቅሺ፤ ገና ኪራይ አለብኝ” ብላኛለች። ቃሌን ጠብቄአለሁ። ሳምንት እስክንገናኝ ጤናችሁን ይስጥልኝ።